የማዳበሪያ ክርና የቻይና ቋጠሮ፦ እጁ አለ፣ ውሉ የት ነው?

መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥ በኩንታል ይመዘናል፣ በኩንታል ይጫናል፣ በኩንታል ይሸጣል። ነጋዴው ዋጋውን ሲከታተል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ሲያሰላ፣ ሾፌሩ የመንገዱን ወሬ ሲጠያይቅ፣ ሰሊጡን ተሸክሞ የሚሄደውን ከረጢት ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። ከረጢቱ የራሱ ስም እንኳ የለውም። የአፈር ማዳበሪያ ታሽጎበት ሲመጣ ስለ ኖረ «ማዳበሪያ» ተብሎ ቀርቷል። ሰሊጥ ቢሞላበትም፣ ማሽላ ቢሞላበትም፣ ከሰል ቢሞላበትም ያው ማዳበሪያ ነው።

አንድ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። ሰሊጡ በማበጠሪያ አልፎ ለውጭ ገበያ በአዲስ ከረጢት ሲታሸግ 400 ባዶ ማዳበሪያ ይቀራል። አንዱ 100 ግራም ይመዝናል ብለን ብናሰላ ጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከጭነቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይኸው 40 ኪሎ ግራም በክር ርዝመት ሲለካ ግን መልኩ ይለወጣል። የተለመደው የማዳበሪያ ክር አንድ ግራሙ 9 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ከአንዱ ማዳበሪያ 900 ሜትር፣ ከ400ው ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር ክር ይወጣል። ከመተማ ተነሥቶ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ ጥቂት ብቻ የሚቀረው ርዝመት ነው።

ይህ ክር ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የቆየው መልስ የታወቀ ነው። ማገዶ ይታሰርበታል፣ አጥር ይጠገንበታል፣ ጭነት ይጠፈርበታል። ባለሙያ ሴቶችም ባለቀለሙን እየመዘዙ ከሰንደዶና ከአክርማ ጋር ለስፌት ያውሉታል። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በዓለም ላይ የተስፋፋ አንድ ሙያ ደግሞ ሌላ መልስ ይጠቁማል። ይኸውም የቻይናን ባህላዊ የጌጥ ቋጠሮ፣ በተለይም ከአሮጌ ዕቃ በተገኘ ክርና ጨርቅ፣ መማርና መሥራት ነው።

ሙያው ማሽን አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። በዚህ የተነሣ ወሬውን የሰማ ሁሉ «ጥሩ የሥራ ዕድል ነው» ማለቱ አይቀርም። የነጋዴው ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል። ማን ይገዛዋል? በስንት? በምን ውል?

አንድ ገመድ፣ አንድ ቋጠሮ

ቻይናውያን ለልብሳቸው ቁልፍ፣ ለቀበቶአቸው ማንጠልጠያ፣ ለማራገቢያቸው ጌጥ በሐር ገመድ የሚቋጥሯቸው ቋጠሮዎች ከጥንት ጀምሮ አሏቸው። ጽሕፈት ከመምጣቱ በፊት ጉዳይ በገመድ ቋጠሮ ይመዘገብ እንደነበር ጥንታውያን መጻሕፍታቸው ያወሳሉ። ሙያው በ20ኛው መቶ ዓመት ክፉኛ ተዳክሞ ከቆየ በኋላ፣ በታይዋን ሊዲያ ቼን የተባሉ ባለሙያ ቋጠሮዎቹን ከአሮጌ ዕቃዎችና ከጥቂት አዋቂዎች አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ አወጧቸው። መጽሐፉ 11 መሠረታዊ ቋጠሮዎችን በሥዕልና በቅደም ተከተል አስቀመጠ። ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሲተላለፍ የኖረውን ሙያ ማንም ሰው ተመልክቶ ሊማረው ቻለ።

ለነጋዴ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሙያው ስምና ደረጃ ወጣለት። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለሰሊጥ ደረጃ በማውጣቱ፣ ገዢው እህሉን በዓይኑ ሳያይ «የሁመራ ጎንደር» የሚለውን ዓይነት በደረጃው ለመግዛት እንደቻለ ሁሉ፣ ስሙና መጠኑ የታወቀ ቋጠሮም በስልክ ሊታዘዝ ይችላል። «ጌጣጌጥ እንሠራለን» ከሚል ሰው ጋር መዋዋል ያስቸግራል። «ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ድርብ ሳንቲም ቋጠሮ 1,000 ፍሬ» ከሚል ጋር ግን ውል መጻፍ ይቻላል።

የእነዚህ ቋጠሮዎች ዋና ጠባይ እያንዳንዱ ከአንድ ገመድ መሠራቱ ነው። ገመዱ መሐሉ ላይ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎች እየተላለፉ ቅርጹን ያወጣሉ። ግራና ቀኙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፊቱና ጀርባው ይመሳሰላሉ። «ድርብ ሳንቲም» የሚባለው ጫፍና ጫፋቸው የተደራረበ ሁለት የጥንት ሳንቲሞችን ስለሚመስል የሀብት ምልክት ሆኖ ይቆጠራል። «ፓንቻንግ» የተባለው ደግሞ መነሻና መድረሻ የሌለው መስሎ የሚታይ ሲሆን፣ ከቡድሃ ሃይማኖት ስምንት የመልካም ዕድል ምልክቶች አንዱ ነው። በአንድ ወገን መስቀል፣ በሌላው ወገን አራት ማዕዘን ሆኖ የሚታይ «የመስቀል ቋጠሮ» የሚባልም አለ።

ለኢትዮጵያዊ ዓይን ይህ ሁሉ ባዕድ አይደለም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግ፣ በመስቀሎቻችን ላይ የሚታየው እርስ በርሱ የተላለፈ ጥልፍልፍ፣ መስመር ሳይቆረጥ ከላይና ከታች እየተላለፈ የሚሄድበት ያው ጥበብ ነው።

ለኢትዮጵያዊ እጅም እንዲሁ። ሸማኔው ሸማውን ሲያወርድ ጫፉ ላይ የሚቀረውን ድር ቋጪዋ በጣቷ እየከፈለች፣ እያንዳንዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ትጠመዝዝና ሁለቱን በተቃራኒው አቅጣጫ አጣምራ ጫፉን ትቋጥረዋለች። «ነገሩን ቋጨው» የምንለው ከዚሁ ሙያ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጠው ነጠላና ጋቢ ዘርፉን የሚያበጁት እነዚህ እጆች ናቸው። ገመድ መሥራትም ቢሆን ከዚህ የተለየ ስልት የለውም። አንዱን ወዲህ ጠምዝዞ፣ ሁለቱን ወዲያ ማጣመር ነው። ነጠላ መቋጨት የምትችል ሴት የማዳበሪያ ክርን ወደ ገመድ ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ግማሹን ሙያ ይዛ ትነሣለች ማለት ነው።

የቆላው ወራት

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ኢኮኖሚ የወቅት ኢኮኖሚ ነው። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ናቸው። በክረምቱ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት አጨዳ ሲደርስ ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ቋቱ ራሱ ስለሚከፈት፣ በጊዜው ያልታጨደና ነዶው ያልታሰረ መሬት ላይ ይረግፋል። በዚያ ወቅት እንጀራ የምትጋግረው፣ ሻይ የምታፈላው፣ ልብስ የምታጥበው ሴት ሁሉ ገበያ አላት።

ከታኅሣሥ በኋላ ሠራተኛው ይመለሳል፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጥላ ሥር ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው ጥቂት ነው። ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው የድንበሩ ንግድ ነበር። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባትና ስማቸውን የወረሰችው መተማ ዮሐንስ፣ ከማዶዋ ካለችው ጋላባት ጋር በእግር መንገድ የምትገናኝ የንግድ በር ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በዚሁ በር በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችና ተመላሾች ሲገቡ፣ የቆየው የንግድ ልማድ ተናግቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ የጎንደር መተማን መንገድ አስተማማኝነት ነሣው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚያዋጣ ሥራ ሦስት ጠባይ ሊኖረው ይገባል። ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ፣ መንገድ ቢዘጋ የማይበላሽ፣ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ያለ ጭነት መኪና የሚሄድ። ቋጠሮ ሦስቱንም ያሟላል።

ከማዳበሪያ ወደ ገመድ

ማዳበሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ በመሆኑ ለፀሐይ ደካማ ነው። በቆላው ፀሐይ ለወራት የሰነበተ ማዳበሪያ በጣት ሲታሽ እየተሰባበረ ይረግፋል። እንዲህ ያለውን መጣል ነው። የኬሚካል ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ከረጢት ደግሞ ጨርሶ መመረጥ የለበትም፤ አንገትና እጅ ላይ ለሚውል ጌጥ ቀርቶ ለልጆች መለማመጃም አይሆንም። የሰሊጥ፣ የማሽላ፣ የስኳርና የዱቄቱ ታጥቦ ይበቃል።

ብዙው ማዳበሪያ ዙሪያውን እንደ ቱቦ የተሸመነ ነው። ሥሩ ያለው ስፌት ከተፈታ በኋላ ዙሪያውን የሚዞረው ማግ ሳይቆረጥ ይመዘዛል። ቁመቱን ይዞ የሚወርደው ድር ግን የከረጢቱን ቁመት ያህል፣ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አጫጭሩ ክር አይጣልም። ጫፍና ጫፉ አንድ ቦታ እንዳይገጥም እያፈራረቁ በረጅሙ መካከል አብሮ መጠምዘዝ ይቻላል።

6 ክር ወደ አንድ ወገን፣ ሌላ 6 ክር ወደዚያው ወገን ተጠምዝዞ፣ ሁለቱ በተቃራኒው ሲጣመሩ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ባለ 12 ክር ገመድ ይወጣል። 900 ሜትር ክር ለ12 ሲካፈል 75 ሜትር ነው። ጠመዛው የሚያሳጥረው ተቀንሶ 60 ሜትር ያህል ገመድ ይገኛል። ለአንድ ትንሽ ፓንቻንግ 2 ሜትር ቢበቃና የሚበላሸው ቢታሰብ፣ አንድ ማዳበሪያ 25 ቋጠሮ ያህል ያወጣል ማለት ነው።

የማዳበሪያ ክር አንድ ችግር አለው። ይንሸራተታል። ሐር ወይም ጥጥ እንደሚይዘው ቋጠሮውን አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ የተጠናቀቀው ቋጠሮ በማይታይ ቦታ በቀጭን ክር መሰፋት ይኖርበታል። ጫፉ በክብሪት ወይም በላይተር እሳት ቀልጦ ስለሚዘጋ አይተረተርም። ፕላስቲኩ በ160 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ስለ ሆነ እሳቱን ማስጠጋት እንጂ ማቃጠል አያስፈልግም። ጢሱ ስለማይበጅ ይህ ሥራ ደጅ ላይ መሠራት አለበት።

ሌሎች ምርጫዎችም አሉ። የጆንያ ቃጫ ቀለም ይቀበላል፣ ቋጠሮም ይይዛል፣ ነገር ግን ጸጉራም ስለ ሆነ ለደቃቅ ሥራ አይመችም። የሳልባጅ ካናቴራ በቀጭኑ ተቆርጦ ሲሳብ በራሱ ተጠቅልሎ ክብ ገመድ ይሆናል። ለጀማሪ እጅ ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው። የቆላው ጥጥ ፈትል ደግሞ ለተሻለው ሥራ የሚቀመጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ጎማ በረባሶ፣ ቆርቆሮው ማንደጃ ሆኖ ሲወጣ ያየ ሰው ከአሮጌ ዕቃ አዲስ ሸቀጥ ማውጣት ለአገሩ እንግዳ አለመሆኑን ይረዳል።

ትምህርቱ

የቋጠሮ ትምህርት ሦስት ደረጃዎች አሉት። መቋጠር፣ መሳብና መጨረስ። መቋጠር ገመዱን በሥዕሉ መሠረት ማስተላለፍ ነው። መሳብ ደግሞ ልል የሆነውን ከመሐል ጀምሮ በየተራ እያጠበቁ ቅርጹን ማውጣት ነው። መጨረስ ማለት ጫፉን መደበቅ፣ መስፋትና ማስዋብ ነው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በሁለተኛው ደረጃ ነው። በትክክል የተቋጠረ ገመድ በጥድፊያ ሲሳብ ይጠመዘዝና ቅርጹ ይጠፋል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ከቤት አይጠፋም። በውጭ አገር ቡሽ ሰሌዳ ላይ የሚሠራው እዚህ ካርቶን ወይም የፍራሽ ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ሊሠራ ይችላል። ገመዱን በየመታጠፊያው የሚይዘው እስፒል ነው። ገመድ ለማስለቀቅና ለማሳለፍ የስፌት ወስፌ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው። መጀመሪያ ድርብ ሳንቲሙ፣ ቀጥሎ የመስቀሉና የቁልፉ ቋጠሮ፣ ከዚያ ባለ ቅጠሉ፣ በመጨረሻ ፓንቻንጉ። በስልክ የሚታይ ቪዲዮ መነሻ ሊሆን ይችላል። እጅ የሚታረመው ግን አጠገብ በተቀመጠ ሰው ነው። የአሮጌ ዕቃ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በሐር ወይም በተገዛ ናይሎን ገመድ የሚማር ሰው ስሕተት በሠራ ቁጥር ገንዘብ ያባክናል፤ ስለሚፈራም እጁ አይፍታታም። የማዳበሪያ ገመድ ግን ቢበላሽ ይፈታል፣ ቢጎሳቆል ይጣላል፣ በምትኩ ሌላ ይጠመዘዛል። የትምህርት ዋጋው የሰው ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ሒሳቡ

ጊዜ ግን ነጻ አይደለም። ለጀማሪ ሰዓት የሚፈጅ ቋጠሮ ለለመደ እጅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስሌቱን ለማሳየት አንዲት የለመደች ሴት በቀን 20 ትቋጥራለች እንበል። 50 ሴቶች በ10 ቀን 10,000 ቋጠሮ ያወጣሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ 400 ነው፤ መነሻችን ላይ የተጠቀሰው የአንዱ ባለ ተሳቢ ባዶ ከረጢት ማለት ነው። የ10,000ው ቋጠሮ ክብደት ደግሞ ከ35 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ ሦስተኛ እጅ ገደማ የሚሆን ሸቀጥ በመሆኑ፣ አንድ ተሳፋሪ በአውቶቡስ ይዞት ጎንደር ይገባል። ሩቅ በሆነ አገር የትራንስፖርት ዋጋ ትርፉን በሚበላበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚዘነጋው ወጪ ሌላ ነው። 10,000 ቋጠሮ በ2 ሜትር ሒሳብ 20 ኪሎ ሜትር የተጠመዘዘ ገመድ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በጭን ላይ ወይም በመዳፍ ብቻ ጠምዝዞ መጨረስ ከቋጠሮው የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ስለሆነም ከእንጨትና ከሽቦ የሚሠራ፣ በእጅ የሚዞር መጠምዘዣ ያስፈልጋል፤ ገመድ ጠምዛዡና ቋጣሪውም ሥራ መከፋፈል አለባቸው።

የዋጋው ወለል በዚህ ይታወቃል። በቀን 20 የምትቋጥር ሴት ለአንዱ የምታገኘው ዋጋ በአካባቢው ከሚከፈለው የቀን ምንዳ ሃያኛ እጅ ካነሰ፣ በአጨዳ ጊዜ ማንም አይቀመጥላትም። በባዶው ወራት ግን ከዚያ ባነሰም ልትሠራ ትችላለች። እዚህ ላይ ገዢው መጠንቀቅ አለበት። በመጋቢት ርካሽ ያገኘውን እጅ በጥቅምት አያገኘውም። ዓመቱን ሙሉ አቅርቦት የሚፈልግ ከሆነ ዋጋውን በአጨዳው ምንዳ ማሰብ፣ አለዚያም ትእዛዙን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ መወሰን ይኖርበታል።

ማን ይገዛዋል?

የመጀመሪያው ሐሳብ ቻይና ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ሰሊጥ ከምትሸጥላቸው አገሮች ዋነኛዋ ቻይና ናት። ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ከእርሷ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ካላቸው በዕድገት ወደኋላ ከቀሩ አገሮች ለሚገባ ሸቀጥ ሁሉ ቀረጥ አንሥታለች። ይሁንና የቻይናን ቋጠሮ ለቻይና መሸጥ ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። በሻንዶንግ ክፍለ ግዛት ታንቼንግ አውራጃ ውስጥ ያለችው ሆንግኋ የምትባል የገጠር ከተማ በዚሁ ሥራ የታወቀች ናት። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ድርጅቶቹ ገመዱን ለገበሬው ቤተሰብ ያድላሉ፣ በየቤቱ የተቋጠረውን በፍሬ ከፍለው ይሰበስባሉ፣ መርምረው ለጅምላ ገበያ ያወጣሉ። በቀይ ሐር መሰል ገመድ ከእነርሱ ጋር በዋጋ የሚወዳደር የለም። ከቻይና የገባው የታተመ የጥበብ ጨርቅ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ምን ያህል እንደተፈታተነው ያየ ነጋዴ ይህን አይስተውም።

ከሆንግኋ የሚቀሰመው ትምህርት ግን አለ። ሰብሳቢው ነጋዴ ነው ገበያውን የሠራው። ገመዱን ያቀረበ፣ ልኩን የወሰነ፣ ያልተስተካከለውን የመለሰ፣ የተስተካከለውን በዕለቱ የከፈለ እርሱ ነው። የገበሬዋ ድርሻ መቋጠር ብቻ ነበር።

በአገር ውስጥ ሊታሰቡ የሚችሉ ገዢዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለቋጠሮ ሳይሆን ለገመድ የሚመጣው ነው። ከድንበሩ ማዶም ወዲህም የሚታወቀው አንገረብ የተባለው አልጋ በገመድ የሚጠለፍ ነው። ሲባጎና ገመድ ለጭነትና ለከብት ማሰሪያ ዘወትር ይሸጣሉ። ጌጡ ገበያ እስኪያገኝ ገመድ ጠምዛዡን ሥራ ላይ የሚያቆየው ይህ ነው።

ሁለተኛው ገዢ የበዓልና የሠርግ ገበያ ነው። የመስቀል ቋጠሮ ለአንገት ማተብና ለመኪና መስታወት ጌጥ፣ ድርብ ሳንቲም ለሱቅ በርና ለቁልፍ መያዣ፣ ፓንቻንግ ለመጋረጃ ማሰሪያና ለስጦታ ማሸጊያ ይሆናሉ። እዚህ ገበያ የሚያዋጣው ቀዩን የቻይና ጌጥ መኮረጅ አይደለም። በቆላው ጥጥ፣ በሐረጉ ቅርጽ፣ በአገሩ ቀለም የተሠራው ነው ከውጭ ከሚገባው ርካሽ ዕቃ ተለይቶ የሚታየው።

ሦስተኛው ገዢ ከአሮጌ ዕቃ የተሠራ ሸቀጥ ፈልጎ የሚገዛው የውጭ ደንበኛ ነው። ይህ ገበያ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ ያቋቋሙት ሶል ሬብልስ ሶሉን ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩን ከአገር ፈትል እየሠራ የበረባሶን ዘር በዓለም ገበያ ሸጧል። ጎማው አሮጌ መሆኑ ደንበኛን ይስብ ይሆናል። ጫማው ግን በቁጥር፣ በልክና በቀን ካልደረሰ ሁለተኛ ትእዛዝ አይመጣም። አሮጌ ማዳበሪያም ቢሆን ከዚህ ሕግ ነጻ አይወጣም።

ውሉ

በአማርኛ «ውል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው ነጋዴ የሚፈርመው ስምምነት ነው። ሁለተኛው የልቃቂት ክር ጫፍ ነው። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ክር ሞልቶት ሳለ የማይሠራበት ይሆናል፤ ከየት ተይዞ እንደሚተረተር አይታወቅምና።

የመተማ ጉዳይም ይህን ይመስላል። ክሩ በየመጋዘኑ ደጅ ተጥሏል። ጠምዝዞ የሚቋጭ እጅ አለ። ከአጨዳ እስከ አረም የሚተርፍ ጊዜም አለ። የቋጠሮው ትምህርት በቅደም ተከተል የተቀመጠና በሳምንታት ልምምድ የሚጀመር ነው። የጎደለው «ይህን ያህል ፍሬ፣ በዚህ ልክ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ» ብሎ ቀብድ የሚያስቀምጥ ገዢ ነው።

ሥልጠና ከገበያ ቀድሞ ሲመጣ ውጤቱ የታወቀ ነው። ሠልጣኞች የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፣ የሠሩት ጌጥ አንድ ቀን ለእይታ ይቀርባል፣ በማግሥቱ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ተራው መገልበጥ አለበት። አንድ የጎንደር ወይም የአዲስ አበባ ነጋዴ በትንሹ የ500 ፍሬ ትእዛዝ ቢጀምር፣ ኪሳራው ቢበዛ የጥቂት ሰዎች የቀን ምንዳ ነው። ቢሳካለት ግን ሰሊጥ ሲረክስም ሆነ መንገድ ሲዘጋ የማይበሰብስ ሸቀጥ በእጁ ይገባል።

የገጠር ሴት ገንዘቧን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ እንደምትይዝ ሁሉም ያውቃል። ያ ቋጠሮ የሚፈታው ለቁም ነገር ሲሆን ብቻ ነው። የመተማ እናቶች በባዶው ወራት የሚፈቱት ቋጠሮ እያነሰ የሚሄደው በሙያ እጦት አይደለም። አዲስ ቋጠሮ ቢማሩም መጀመሪያ የሚጠይቁት «እንዴት ይቋጠራል?» ብለው አይሆንም። «ማን አዘዘው?» ብለው ነው። ለዚህ መልስ መስጠት የሚችለው አሠልጣኙ ሳይሆን ነጋዴው ነው።